እንደ ማን ልቁረጥዎት?

ፀጉር ቤት ገብቼ ወንበሩ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ደሜን የሚያፈላው አንድ ጥያቄ አለ። ድሮ ፀጉር አስተካካይ «እንዴት ላድርገው?» ነበር የሚለው። «አሳጥረው» ትለዋለህ፣ ያሳጥረዋል፣ ከፍለህ ትወጣለህ። የዛሬው የሱሉልታ ፀጉር አስተካካዬ ግን ፎጣውን አንገቴ ላይ ጠምጥሞ፣ ቶንዶሱን አስነስቶ፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «ጋሼ፣ እንደ ማን ልቁረጥዎት?» ይለኛል።

እንደ ማን! እኔ እንደ ራሴ ሆኜ ልወጣ ነበር የመጣሁት።

ግድግዳው ላይ ያ የድሮው ፖስተር አሁንም አለ። ቁጥር የተሰጣቸው የወንድ ጭንቅላቶች ተደርድረውበታል፤ ፀሐይ መጥጦት ሁሉም ሰማያዊ ሆነዋል። ያኔ «ሰባት ቁጥር» ብሎ መገላገል ነበር። ሰባት ቁጥር ስም የለው፣ ፊልም የለው፣ ከማን ጋር እንደታየ የሚያወራለት የለ። አሁን ልጁ ፖስተሩን ትቶ ስልኩን ነው የሚያወጣው። ስልኩ ውስጥ ያሉት ጭንቅላቶች ባለስም ናቸው፤ አብዛኞቹም የፊልም ተዋንያን። «የዚህኛው ጺም ለእርስዎ ይሄዳል» ይላል እያሳየኝ። ፎቶውን አያለሁ፣ መስታወቱን አያለሁ፣ ልጁን አያለሁ። ደንበኛ ማስደሰት ሥራው ነውና በእሱ አልፈርድም።

የምፈርደው በጺሙ ነው። ጠዋት ወደ አዲሱ ገበያ የሚሄደውን ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ያውቀዋል። ከሾፌሩ እስከ ረዳቱ፣ ከኋላ ወንበር እስከ ጋቢና፣ ወጣት የተባለ ሁሉ አንድ ጺም ነው ያለው፤ ተላጨም አልተላጨም የማይባል፣ ከጆሮ ግርጌ እስከ አገጭ በምላጭ የተሰመረ። የቦታ ድንበር ስንት ሰው በሚያካስስበት በእኛ ከተማ፣ ክርክር የሌለበት ጥርት ያለ ወሰን የማየው የወጣቶቻችን ጉንጭ ላይ ብቻ ነው።

ምንጩ ቱርክ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር «ኩዚ ጉኒ»ን የመሳሰሉ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አልብሶ በየቤታችን ለቀቃቸው። የ«ኩዚ ጉኒ»ው ኪቫንች ታትሊቱ ወርቃማ ፀጉሩን ይዞ ሳሎናችን ገብቶ ተቀመጠ። በነገራችን ላይ ሰውዬው ወደ ትወና ከመግባቱ በፊት ሞዴል ነበር፤ መታየት የለመደ ፊት ነው። የእሱ ጺም ሲያድግ ይተኛል። የእኛ ጺም ደግሞ በዚያ ልክ ሲያድግ ይጠቀለልና ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በየፀጉር ቤቱ የአልኮል ጠርሙስ ይዞ የሚያቃጥል አገጭ የሚያራግብ ወጣት በዛ። ለቁንጅና የሚከፈል ዋጋ ነው ይሉኛል። ይሁን።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ግቢ የምንጋራት ጎረቤቴ እትዬ፣ የወተት ጣሳዋን አጥባ ደፍታ፣ እግሯን አጣጥፋ ማታ ማታ የምትጠብቀው ኪቫንችን ነበር። «ምኑ ነው እንዲህ የወደድሽው?» ብላት፣ «ደም ግባት አለው፤ ደግሞ አነጋገሩ!» አለችኝ። አነጋገሩ! ሰውዬው እኮ አማርኛ አይችልም። ከንፈሩ አንድ ይላል፣ ድምፁ ሌላ ይላል፤ ከንፈሩ ከተዘጋ በኋላ ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ይደርሳል። እትዬ የወደደችው አነጋገር አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ገብቶ ማይክ ፊት የቆመ የእኛው ልጅ አነጋገር ነው። አገር ምድሩ በድምፁ ፍቅር ሲወድቅ እሱ ምናልባት መገናኛ ታክሲ ተሰልፎ ነበር። ፊቱ የቱርክ፣ ድምፁ የእኛ፤ ውበቱን ለሁለት ተካፍለውታል፣ ገንዘቡን ግን እኩል የተካፈሉ አይመስለኝም።

እንግዲህ ነገሬ እዚህ ጋ ይጀምራል፦ የወንድ ተዋናይ ፊት ስክሪን ላይ ሲያምረን በእርግጥ ያማረን ምኑ ነው?

አያቴን ብትጠይቋት ኖሮ ጥያቄውን ራሱን ትንቀው ነበር። «ለወንድ ልጅ መልክ ምኑ ነው?» ባይ ነበረች። ወንድ በሥራው፣ በአንደበቱ፣ በቤቱ ይመዘናል። ይህን ብላ ግን ትንሽ ቆየት ትልና፣ ወንዱ አያቴ በሠርጋቸው ቀን በቅሎ ላይ ሆኖ ሪዙ እንዴት እንደነበር መተረክ ትጀምራለች። ሪዙ! የአንገቱን ቀጥ ማለት፣ የግንባሩን ስፋት። የሚገርመው እየሳቀ አልነበረም፣ ወደ እሷም አላየም። «ዞር ብሎ ቢያየኝ ኖሮ ያን ያህል አላስታውሰውም» ትል ነበር። ፊልም አይታ የማታውቅ ሴት የፊልም ትምህርት ቤት የሚያስተምረውን ነገረችኝና አለፈች።

የድሮ ሰዎች በዚህ ጉዳይ የዋዛ አልነበሩም። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» ብለዋል። ሲኒማ ሲመጣ ደግሞ መልከ ጥፉን በመብራት መደገፍ ተቻለ። መብራቱን ከፍ አድርገህ ከጎን ብትለቅበት ጉንጭ የሌለው ጉንጭ ያወጣል። ከታች ብትለቅበት ቅዱሱ ሰው ሰይጣን ይሆናል። ከፊት ለፊት ብታፈስበት ደግሞ ያ በብዙ የአማርኛ ፊልሞች ላይ የምናየው ነገር ይፈጠራል፤ ተዋናዩ በጀት ለመከራከር ቢሮ የተጠራ ይመስላል።

ለጥቁር ፊት ደግሞ ነገሩ ዕዳ ነበረበት። የቀለም ፊልም ጥቅል በዓለም ዙሪያ ሲሸጥ ለረጅም ጊዜ ልኩ የተለካው በነጭ ሴት ፎቶ ነው። በየማጠቢያ ቤቱ የሚላከው የኮዳክ የቀለም መለኪያ ካርድ፣ መጀመሪያ በተነሳችው ሴት ስም «ሸርሊ» ይባል ነበር። ሸርሊ ካማረች ሁሉም አማረ ተባለ። የእኛ ፊት በዚያ ፊልም ሲነሳ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀር ነበር። ኩባንያው ጥቁሩንና ቡናማውን ቀለም ማሻሻል የጀመረው ታዲያ የሰው አቤቱታ ሰምቶ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። አጥብቀው ያማረሩት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ናቸው፤ ጥቁሩ ቸኮሌት ከነጣው አይለይልንም፣ ቁም ሣጥናችን ከጠረጴዛችን አይለይልንም ብለው። እና ዛሬ ጠይም ተዋናያችን ስክሪን ላይ ወዝ ብሎ ሲታይ የቁም ሣጥን ነጋዴዎችን አለማመስገን ውለታ ቢስነት ነው።

በመብራት ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ ቀላል ነበር። የሜካፕ ባለሙያና ጎበዝ መብራት ሠሪ ያለው ሁሉ ይወደድ ነበር። አልሆነም።

አስናቀን አስታውሱት። «ሰው ለሰው» በኢቲቪ ሲተላለፍ አስናቀ ያልተረገመበት ቤት ነበር? አበበ ባልቻ ያንን ክፉ ሀብታም ሆኖ ሲገባ ሰው ሁሉ ይሳደባል፤ ሳይገባ ሲቀር ደግሞ ሰው ሁሉ ይቅበጠበጣል። በድራማው ውስጥ ከእሱ ይልቅ የሚያማምሩ ለግላጋ ወጣቶች ሞልተው ነበር፤ ፀጉራቸው የተበጠረ፣ ልባቸው ንጹሕ። ማን ዞሮ አያቸው? አስናቀ ሰው ሲያስፈራራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንዱን ሰው ለማጥፋት ሲወስን ፊቱ ላይ የሚነበበው ነገር ምሳ ምን እንደሚበላ ከማሰብ አያልፍም። እኛ ነን ከሶፋችን ላይ ሆነን «አሁን ተንኮል እያሰበ ነው! እየው፣ እየው!» የምንለው። ሰውዬው ዝም ብሎ ነው የተቀመጠው።

አበበ ባልቻ በትምህርቱ የሕግ ሰው መሆኑን ሳውቅ ብዙም አልገረመኝም። ያወቀውን ሁሉ ፊቱ ላይ የሚያሳይ ጠበቃ ደንበኛ አያገኝም።

ይህን ነገር ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከ100 ዓመት በፊት ደርሶበት ነበር ይባላል። ኢቫን ሞዡኺን የሚባለውን ዝነኛ ተዋናይ ምንም ያልተጻፈበት ፊት ወሰደ። አንዴ ከአንድ ሳህን ሾርባ ጋር ቀጠለው፣ አንዴ ሣጥን ውስጥ ከተኛች ሟች ሕፃን ጋር፣ አንዴ ጋደም ካለች ሴት ጋር። ተመልካቹ ተደነቀ። ሾርባውን ሲያይ እንዴት እንደራበው! ሕፃኗን ሲያይ ሐዘኑ! ሴትዮዋን ሲያይ ምኞቱ! ፊቱ ግን ያው አንዱ ቁራጭ ፊልም ነው። ሰውዬው አልራበውም፣ አላዘነም፣ አልተመኘም። ሥራውን የሠራው ተመልካቹ ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው ተዋናዩ።

የእኛ ፊልሞች ችግር ሾርባውን ለተመልካች አለመተዋቸው ነው። ስልክ ይጮኻል። ዋናው ተዋናይ ያነሳል። «ምን?!» ይላል። ዓይኑ ይፈጣል፤ በእጁ የያዘው ብርጭቆ ይወድቃል፤ ካሜራው ስብርባሪውን ለብቻው ያሳየናል፣ ምናልባት መሰበሩ ያልገባን እንኖር እንደሆነ። ከዚያ ሙዚቃ። ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ ቁልቁል መንሸራተት።

እኔ ሱሉልታ ውስጥ ክፉ ዜና በስልክ ሲነገረው ያየሁት ሰው አለ፤ አንድ ሻይ ቤት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ። ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ስኳሩ ከሥር ስላልሟሟ አንዴ አማሰለው። «እሺ። መቼ?» አለ። «እሺ» አለ ደግሞ። ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ሒሳቡን ከፈለ፣ መልሱን ቆጠረ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ግን የበሩን እጀታ ይዞ ወደ የት እንደሚከፈት ጠፋበት። ሲገፋው የነበረው የሚሳብ በር ነው። እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ የነበርነው ሁሉ በአንዴ ዝም አልን። አዘጋጅ ብሆን ብርጭቆ አላሰብርም፤ የብርጭቆ ዋጋም ስንት እንደገባ ይታወቃል።

ቁመናስ? ትሉኝ ይሆናል። ሎጋነት፣ ሰልካካ አፍንጫ፣ የደረት ስፋት? ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራው «ክራምብስ» የሚባል ፊልም አለ። ዋናው ተዋናይ ዳንኤል ታደሰ ነው፤ ቁመቱ አጭር፣ ጀርባው የጎበጠ። የፍቅረኛውን ቦታ የያዘችው ማን መሰለቻችሁ? ሰላም ተስፋዬ። የእኛ ፊልም ሠሪ ቢሆን ወይ ኮሜዲ ያደርገዋል፣ ወይ መጨረሻ ላይ ተአምር ደርሶ ጀርባው እንዲቃና ያደርጋል። እዚያ ግን ሰውዬው በዳሎል ምድረ በዳ ዕቃውን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ እኛም ከፊቱ ላይ ዓይናችንን መንቀል ያቅተናል። ለምን ትወደዋለች ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቀው ደግሞ፣ የዚህ አገር ሰው አብዝቶ ያየው የወንድ ተዋናይ ፊት በሬዲዮ የታየ መሆኑ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ሰው ሥራ ፈትቶ ሬዲዮ ከቦ ይቀመጥ ነበር። ወጋየሁ ፊቱን አላዋሰንም፤ ድምፁን ብቻ። ከዚያ ድምፅ እያንዳንዱ ሰው የታሪኩን ባለቤት፣ የራሱን በዛብህ ሠራ። ጎረቤቴ እትዬ የሠራችው በዛብህ፣ በኋላ በዘዴ ሳጣራ፣ ቁርጥ የሟቹ ባሏ መልክ ነው፤ ትንሽ ብቻ አቅንታዋለች።

ታዲያ ልብ ወለዱ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ሲመጣ ያ ሁሉ የተጠራቀመ በዛብህ በአንድ ቀን ሥራ አጣ። ፀጉር ቤታችን ውስጥ የተነሳውን ጠብ ልንገራችሁ። ወረፋ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ቴሌቪዥኑን እያዩ፣ «በዛብህ እንዲህ አይደለም» አሉ ቆፍጠን ብለው።

«ታዲያ እንዴት ነው ጋሼ?» አለ ልጁ፣ ቶንዶሱን አጥፍቶ።

«ግንባሩ ሰፋ ያለ ነው። ጠይም። ዓይኑ ደከም ያለ።»

«የት አዩት?»

«በሬዲዮ ነዋ!»

ማንም አልሳቀም። እንዲያውም ሌላው ደንበኛ አረፋ የተቀባ አገጩን ቀና አድርጎ፣ «ጠይም ሳይሆን ቀይ ዳማ ነው» ብሎ ተሟገተ። እሱም በሬዲዮ ያየው ነው። ይህ ክርክር እየጦፈ እኔ ግማሽ ጭንቅላቴ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቶ ሩብ ሰዓት ተቀመጥኩ። መስታወቱ ውስጥ ያየሁት ፊት ከማንም ተዋናይ ጋር አይመሳሰልም።

ሱሉልታ ውስጥ እየኖሩ ስለ ወንድ ፊት ሲያወሩ ሯጮቹን መዝለል ነውር ነው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ሜዳው በእነሱ ነው የሚነቃው። ብርዱ ጉንጭ ይጠብሳል፤ ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል። በመስመር ተከታትለው ሲያልፉ የጫማቸው ድምፅ ይሰማል እንጂ አይነጋገሩም። ጉንጫቸው ስርጉድ፣ አጥንታቸው ጉልህ፣ ዓይናቸው ሃያ ሜትር ወደፊት። የሆሊውድ ተዋናይ ያን ጉንጭ ለማግኘት የምግብ ባለሙያ ይቀጥራል። የእኛዎቹ ያገኙት ሲሮጡ ነው፤ መስታወት የሚያዩበትም ጊዜ ያላቸው አይመስለኝም።

ለዚህ ይመስለኛል እስከ ዛሬ ፊልም ላይ ካየኋቸው የኢትዮጵያ ወንዶች ፊት ሁሉ አንደኛ የምለው የተዋናይ ያልሆነው። የአበበ ቢቂላ ነው። ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ ቀርጾ በዓመቱ ባወጣው ፊልም ውስጥ ማራቶኑን ሲያሳይ፣ በሩቅ በሚስብ ሌንስ የአበበን ፊት ከጎን ይዞ አይለቅም። ቀስ ባለ እንቅስቃሴ። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ አገጩ ጫፍ ላይ ይጠራቀማል፣ ይንጠለጠላል፣ ይረግፋል። ሌሎቹ ሯጮች ፊታቸው ሁሉን ነገር ይናገራል፤ አፍ ይከፈታል፣ ጥርስ ይነከሳል፣ ዓይን ይንከራተታል። አንዳንዶቹ ውኃ ጣቢያው ጋ ቆመው አንገታቸውን አቀርቅረው ሲጠጡ ያሳዝናሉ። የአበበ ፊት ምንም አይልም። ሰውዬው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንታት ነው። ሁለት ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ፣ የዓለምን ፈጣን ሰዓት ሰብሮ ገባና፣ ሌላው ዝሎ በሚገባበት ሜዳ ጀርባው ላይ ጋደም ብሎ ጂምናስቲክ ሠራ።

ያ ፊት ምን እያሰበ ነበር? የሮምን ኮብልስቶን? ቁስሉን? ሚስቱን? ጃፓኑ የመሰለውን ያስባል፣ እኛ የመሰለንን። ሆሊውድም ሳይቀር በ1976ቱ «ማራቶን ማን» ላይ ደስቲን ሆፍማንን ከሚያህል ተዋናይ ጋር የአበበን የሩጫ ምስል ቀላቅሎ አሳይቷል። ሆፍማን በዚያ ፊልም ውስጥ ይሮጣል፣ ያልበዋል፣ ይሰቃያል፤ ጎበዝ ነው፣ አይካድም። ግን እኮ ከአበበ ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ አልነበረበትም።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኢንዱራንስ» ራሱን ሆኖ ተውኗል። የእሱ ሌላ ዓይነት ነው፤ ፈገግታው ቀድሞት ይገባል። ኃይሌ ሲስቅ ግን ከዚያ ሳቅ ኋላ ሰው ጥሎ የሚሄድ የመጨረሻ ዙር እንዳለ ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ሳቁም ምሥጢር ሆኖ ይቀራል። ኬንያዊው ተቀናቃኙ ፖል ቴርጋት የበለጠ ያውቃል።

አሁን ደግሞ ተዋናይ ስላልሆነ ሌላ ሰው፣ ስለ አንድ ድርቆሽ ጫኚ ልንገራችሁ።

ጥቅምት ላይ ነው። ሜዳው ታጭዶ ድርቆሹ ተከምሮ፣ አይሱዙዎቹ እየተጫኑ ነበር። አንድ የፊልም ቡድን ከአዲስ አበባ መጣ። መምጣታቸው አዲስ አይደለም፤ ለከተማው ቅርብ ነው፣ ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ዘፋኝም ተዋናይም በአደይ አበባ ሰሞን ከእኛ ሜዳ አይጠፋም። ዋናው ተዋናይ መልከ መልካም የሚባል ዓይነት ነው። ያ የተሰመረ ጺም አለው። ሜካፕ የምትሠራዋ ልጅ ፊቱን አስተካክላ፣ አዘጋጁ «አክሽን!» ብሎ፣ ተዋናዩ ወደ አድማስ አሻግሮ የጠፋች ፍቅረኛውን ማሰብ ሲጀምር የሱሉልታ ነፋስ መጣ። ዓይኑ አለቀሰ። ማልቀስ በሌለበት ቦታ። አፍንጫው ተከተለ። «ከት!» ልጅቷ በሶፍት እየጠረገች፣ ዱቄቱን እየመለሰች፣ ነፋሱ ዱቄቱን እየወሰደ፣ አንዱ ያንን የሚያብረቀርቅ መብራት መመለሻ ሸራ ይዞ ከሸራው ጋር ሊበር እየታገለ፣ ፀሐይ መዘቅዘቅ ጀመረች።

ካሜራማኑ በሰለቸው ሰዓት ካሜራውን ዞር አድርጎ ኖሯል። ከኋላ፣ የድርቆሽ ክምር ላይ፣ መንሹን ተደግፎ ያርፍ የነበረ ጫኚ ነበረ። ሻሽ መሰል ጨርቅ አንገቱ ላይ፣ ጭድ ቅንድቡ ላይ። የሚያየው እነሱን ነው፤ ይህ ሁሉ ሰው አንዱን ሰውዬ ምን ነክቶት ፊቱን ደጋግሞ እንደሚጠርገው ሊገባው እየሞከረ። ካሜራ እየቀረጸው መሆኑን አላወቀም።

አዘጋጁ በትንሿ ስክሪን አየና ጮኸ። እኛ አጥር ላይ የተደገፍን ሥራ ፈቶችም እየተጋፋን አየነው። ጉድ ነው የምላችሁ። እዚያች መዳፍ የምታህል ስክሪን ውስጥ ያለው ሰው፣ በየቀኑ የማየው፣ በር ላይ የማያልፍ ሰላምታ የምንለዋወጠው ሰው አልመስለኝ አለ። ሚስቱን የቀበረ ወይም ነገ የሚያገባ ሰው ፊት ነው። እትዬ እንኳ፣ የወተት ጣሳዋን ብብቷ ሥር ይዛ፣ «ወይኔ! ይሄ የእኛው ነው?» አለች።

አዘጋጁ ሮጦ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠው። «ነገም እንፈልግሃለን፤ ልክ እንደዚሁ ሆነህ ና» አለው። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ወንድ «ፊትህ ያምራል» ካሉት በኋላ «እንዳትነካው» ማለት አይሠራም።

በማግስቱ ሰውዬው መጣ። ተላጭቶ። ሱፍ ልብሱን፣ ያንን የሠርግና የለቅሶ፣ ለብሶ። ፀጉሩ በሁለት ጎን ተመልጦ መሐሉ ቆሟል፤ የማን ሥራ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ክምሩ ላይ ወጥቶ መንሹን ይዞ ቆመ። ደረቱን ነፋ። አገጩን ወደ ቀኝ መለስ፣ ዓይኑን ጠበብ አደረገ። ዋናው ተዋናይ ትናንት ሲያደርግ አይቶት ነው። «ዘና በል» አለው አዘጋጁ። ይበልጥ ጠበበ። «ካሜራውን እርሳው።» ካሜራውን በምን ያህል እንደረሳው ለማረጋገጥ በየመሐሉ ገልመጥ እያለ ያየዋል። «ትናንት የነበረህን ልብስ የለህም?» ሲሉት፣ «ያማ የሥራ ልብስ ነው፣ በእሱ ሰው ፊት ይቀረባል?» አለ።

ግማሽ ቀን ታገሉት። መጨረሻ ላይ አዘጋጁ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «ይበቃናል፣ እናመሰግናለን» ብሎ ከትናንቱ ያነሰ ብር ዘረጋለት። ሰውዬው ብሩን አየ፣ አዘጋጁን አየ፣ መንሹን ክምሩ ላይ ሰካ።

«ቆይ እንጂ ወንድሜ» አለ። «ትናንት ፊቴን ሳልታጠብ ለመጣሁት ያን ያህል ከከፈልከኝ፣ ዛሬ ፀጉር ቤት ከፍዬ፣ ተላጭቼ፣ ሱፍ ለብሼ ለመጣሁት እንዴት ይቀንሳል?»

አዘጋጁ አፉን ከፍቶ ዘጋው። አጥር ላይ የተደገፍነውን ሁላችንን አየን፤ ድጋፍ ፍለጋ መሆኑ ነው። «እውነቱን ነው» አለች እትዬ። «እውነቱን ነው» አልን ሁላችንም። ከፈለ።